ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት የወጣው ጎርፍ ካየ ሰው አፍ ነው። ጎርፍ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ይነካል፤ ልጆች ይንቦጫረቁበታል፣ ጎረምሶች ሱሪያቸውን ሰብስበው እየተሳሳቁ ይሻገሩታል። ጉልበት ላይ ሲደርስ ሳቁ ይቀንሳል። ወገብ ላይ ሲደርስ የሚስቅ የለም፤ የሚመለስም የለም። ዛሬ ይኸው ተረት አዲስ መልክ ይዞ መጥቷል። ውሃው በፊልም ማሳሳቅ ጀምሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝብን በአየር ንብረት ለውጥ ማስፈራራት ሰለቸ፣ ከእንግዲህ የሚያስፈልገው «ብሩህ ተስፋ» ነው የሚል አስተሳሰብ በዓለም ላይ እየተለመደ ነው። ከዚሁ ጋር፣ እየጨመረ ከሚሄድ ውሃ ጋር ተስማምቶ በደስታ መኖር ይቻላል የሚሉ አጫጭር የስቶፕ ሞሽን ፊልሞች ይሠራሉ። ከሸክላና ከጨርቅ የተበጁ የሚያማምሩ አሻንጉሊቶች፣ የሚንሳፈፍ ቤት፣ በጀልባ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ፈገግታና ሙዚቃ። ፋሽን ድንበር የለውምና ወደ ሶማሌ ክልልም በፕሮፖዛል ተጠቅልሎ መድረሱ አይቀርም። ጎርፍ አለ፣ ሕፃናት አሉ፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚባል የበጀት ርዕስ አለ። የቀረው ካሜራው ብቻ ነው።

ካሜራው ሳይደርስ መባል ያለበት ነገር አለ። ጅግጅጋ ላይ ስለ ውሃ የሚሠራ ተስፋ ሰጪ ፊልም፣ ውሃውን ማን ከፍ እንዳደረገው ካላሳየ ተስፋ አይደለም፤ ማደንዘዣ ነው።

የተደበቀው እጅ

ስቶፕ ሞሽን በራሱ የማይንቀሳቀስን ነገር በፎቶ ማንቀሳቀስ ነው። አሻንጉሊቱ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል። እጁ በጥቂቱ ከፍ ይደረጋል፣ እንደገና ፎቶ ይነሳል። ለአንድ ሰከንድ 24 ፎቶ፣ ድካም ለመቀነስ ከተፈለገ 12 ፎቶ ያስፈልጋል። በ12ቱ ሒሳብ እንኳን አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም 3,600 ፎቶ ይጠይቃል። መሐል ላይ መብራት ከተርገበገበ ወይም ከጠፋ የቀኑ ሥራ ይበላሻል። በዚህ ሙያ ውስጥ እጅግ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ራሱ ውሃ ነው። እውነተኛ ውሃ ፎቶ እስኪነሳ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በላስቲክ፣ በፀጉር ጄል፣ በግሊሰሪን፣ በሰማያዊ ጨርቅ ያስመስሉታል።

እንግዲህ በስቶፕ ሞሽን ዓለም ውሃ በራሱ አይነሳም። በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል ላስቲኩን ከፍ ያደረገ እጅ አለ። ተመልካቹ እጁን አያየውም፤ ፊልሙ የሚያምረውም እጁ ስለማይታይ ነው።

የጅግጅጋም ውሃ እንዲሁ ነው። ዝናቡ ከሰማይ ይወርዳል፤ እሱን ማንም አይከራከርም። ዝናቡን ጎርፍ፣ ጎርፉን ሬሳ የሚያደርገው ግን እጅ ነው። በቶግ ውስጥ ቦታ የሸነሸነ እጅ አለ። ዲቹን ሳይጨርስ ክፍያ የተቀበለ እጅ አለ። በተሠራው ዲች ላይ ቆሻሻ የደፋ እጅ አለ። ከሩቅ አገር ደግሞ ለመቶ ዓመታት ከሰልና ነዳጅ ሲያነድ የኖረ እጅ አለ። ጎርፉን «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ የሚጠራ ዜናም ሆነ «አብረነው እንኖራለን» ብሎ የሚዘምር ፊልም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ እጁን ከካሜራው ውጭ ማቆየት።

የማን ውሃ ነው የሚጨምረው?

የሚንሳፈፍ ቤትና የጀልባ ትምህርት ቤት ውሸት አይደሉም። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በጀልባ ላይ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። እዚያ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው ሜዳውን ሸፍኖ ለሳምንታት፣ ለወራት ይቆያል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ካልቻሉ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጆች ይቀዝፋል። ብልህነት ነው። በኔዘርላንድም ከውሃ ጋር አብሮ መኖር የሚለው ሐሳብ እውነተኛ ታሪክ አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ጅግጅጋ ግን ዴልታ ላይ አልተቀመጠችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከካራማራ ተራሮች ሥር የተዘረጋች የሜዳ ከተማ ናት። እዚህ ውሃ ቀስ እያለ አይጨምርም። ከላይ ዘንቦ በድንገት ይወርዳል፣ ያገኘውን ጠራርጎ ይሄዳል፣ በማግስቱ ጭቃና አቧራ ትቶ ይጠፋል። ለጀልባ የሚሆን ውሃ የለም፤ ሰው ለማስጠም ግን ይበቃል። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅማ ከዚያ በታችም ይሄዳል። የሚንሳፈፍ ቤት ለጅግጅጋ ሰው ማሳየት ለበረኸኛ የበረዶ መንሸራተቻ መሸጥ ነው።

የአካባቢው ሰው ይህን ያውቃል፤ ቋንቋው ራሱ ያውቃል። በሶማሊኛ «ቶግ» ማለት አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚውል፣ ሲዘንብ የሚሞላ የወንዝ መውረጃ ነው። የድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ስሟን የጀመረችው በዚሁ ቃል ነው። አያቶች የቦታውን ስም ሲያወጡ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ነበር፤ ውሃ ከዚህ ያልፋል ብለው። ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ያቃተው ማስተር ፕላን የሚሠራው የተማረ ሰው ነው።

ለዚህ በቂ ምስክር አለ። ከሲቲ ዞን ዋና ከተማ ከሽንሌ ብዙም በማትርቀው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል፣ ዳር ዳሩን ቤት ይሠራበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት፣ በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከ20 በላይ ሰዎችን ወሰደ።

የዚያን ዓመት ነገር ልብ ማለት ይገባል። 2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በኤል ኒኞ ምክንያት በከባድ ድርቅ የተመታችበት፣ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ ይፈልጋል የተባለበት ዓመት ነበር። የሲቲ ዞን አርብቶ አደር ከብቱን በጥማት ሲቀብር የጅግጅጋ ሰው ዘመዱን በጎርፍ ቀበረ። በአንድ ክልል፣ በአንድ ዓመት።

ጥማቱ የት ሄደ?

ስለሚጨምር ውሃ የሚያወሩት ፊልሞች አንድ ነገር አያውቁም፤ ጥማትን። በኔዘርላንድም ሆነ በባንግላዴሽ ዴልታ ውሃ ጠላት የሚሆነው ሲበዛ ነው። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በሐርትሼክ፣ በአውበሬ ውሃ ሲበዛም ይገድላል፣ ሲጠፋም ይገድላል። ሐርትሼክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ200 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት፣ በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ በነበረች ጊዜ የሚጠጣው ውሃ የሚመጣላት በቦቴ ነበር። ዛሬም በጅግጅጋ ሰፈሮች የአህያ ጋሪ ጀሪካን ጭኖ ሲዞር ማየት ብርቅ አይደለም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ቡድን በኋላ መርምሮ ያን ድርቅ በሰው ልጅ ምክንያት የመጣው ሙቀት ቢያንስ 100 እጥፍ ይበልጥ የሚጠበቅ ነገር እንዳደረገው አስታወቀ። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ዝናቡ ተመልሶ መጣ። የመጣው ግን እንደ ዘመድ ጥየቃ ሳይሆን እንደ ወረራ ነበር፤ በክልሉ ደቡብ፣ በሸበሌና በገናሌ ዳርቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቀለ። ድርቅ ያደረቀው መሬት ደግሞ ውሃ አያሰርግም፤ ሣሩ የጠፋ፣ የተጨፈለቀ አፈር ዝናቡን እንደ አስፋልት ያንሸራትተዋል። ጥማቱ ጎርፉን ያዋልደዋል።

ሒሳቡን ቀለል አድርጎ ማየት ይቻላል። አንድ ቤት 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ አለው እንበል። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ከሰዓት ቢዘንብ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ ብቻ 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህ 150 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። አሥር ሺህ እንዲህ ያሉ ጣሪያዎች ቢኖሩ 30 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ይህ ውሃ ታንከር ውስጥ ከገባ ሀብት ነው፤ ዲች ውስጥ ከገባ ፍሳሽ ነው፤ ዲቹ ከተደፈነ ደግሞ የጎረቤትን ልጅ የሚወስድ ጎርፍ ነው። ሦስቱም አንድ ውሃ ናቸው። ማክሰኞ መንገድ የዘጋውን ውሃ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ከጋሪ ላይ በብር ይገዛዋል። ከዚህ በላይ ፊልም የሚወጣው ታሪክ የት ይገኛል?

ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው?

ኢትዮጵያውያን ስቶፕ ሞሽንን ከውጭ ሰው መማር አያስፈልጋቸውም። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ «ሂሳብ» የተባለ የስቶፕ ሞሽን ሥራ አለው። በአንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶ እያነሳ፣ በላዩ ላይ መልሶ እየሣለ ነው የሠራው። ታሪኩ አዲስ አበቤ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን በትክክል ከፈለች፤ ስለዚህ ዛሬም ታክሲ ሲመጣ መንገድ መሐል ተረጋግታ ትቆማለች። ፍየል ሳትከፍል ወረደች፤ ስለዚህ መኪና ባየች ቁጥር ትሮጣለች። ውሻ ከፍሎ መልስ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ታክሲ ባየ ቁጥር መልሱን ለማስመለስ እየጮኸ ያባርራል።

ይህ ተረት ስለ አየር ንብረት ለውጥ አልተወራም፤ ግን ከብዙ የጉባኤ ሰነድ የተሻለ ይገልጸዋል። አፍሪካ በሙሉ ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ውስጥ ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። የሐውድ አርብቶ አደር ከዚያ ውስጥ ያለው ድርሻ ለመቁጠርም አይመችም። ነገር ግን ሒሳቡን በግመል፣ በፍየል፣ በልጅ ከፍሏል። መልስ ያልተሰጠው እሱ ነው። የበለጸጉት አገሮች ደግሞ ሒሳብ ሲጠየቁ እንደ ፍየሏ ናቸው። የጉዳት ማካካሻ ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሻርም ኤል ሼክ ላይ፣ ከረጅም ዓመታት ሽሽት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጣትን ወደ ውጭ ብቻ መቀሰር ሌላው የማደንዘዣ ዓይነት ነው። ዋሽንግተንና ቤጂንግ የጅግጅጋን ዲች አልደፈኑም። ቶግ ውስጥ ካርታ የሰጠው የአውሮፓ ፓርላማ አይደለም። ዝናቡ ቢበረታ እንኳ መውረጃው ክፍት ከሆነ፣ ዳርቻው ባዶ ከተተወ፣ ከላይ ያለው ሰው ለታችኛው ከደወለ ጎርፉ ንብረት ይወስድ እንደሆነ እንጂ ነፍስ የሚወስድበት ምክንያት ይጠባል። ባለሥልጣኑም እንደ ፍየሏ ነው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር «የአየር ንብረት ለውጥ» እያለ ይሮጣል። እውነት እየተናገረ ነው የሚሸሸው።

አህያዋስ? የጅግጅጋ አህያ መንገድ መሐል ለመቆም ጊዜ የላትም። ውሃ ትጎትታለች።

«አይበገሬ» የሚባል ስድብ

በፕሮጀክት ቋንቋ ውስጥ የዘመኑ ተወዳጅ ቃል «አይበገሬነት» ነው። ማኅበረሰቡ አይበገሬ ነው፣ አይበገሬነቱን ማጎልበት ያስፈልጋል፣ አይበገሬ ሴቶች፣ አይበገሬ ሕፃናት። ቃሉ ሲሰማ ደስ ይላል። ሲተረጎም ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ማለት ነው፤ «ያለ እኛ መኖር ስለቻላችሁ እናመሰግናለን።»

ሰው የሚታገሠው አማራጭ ስላጣ ነው። ጎርፍ የወሰደበት ሱቁን በሦስተኛው ቀን የሚከፍተው ነጋዴ ፍልስፍና ይዞት አይደለም፤ የሚበላ ስለሌለው ነው። ይህን ሰው ቀርጾ፣ ፈገግታውን አጉልቶ፣ ሙዚቃ ጨምሮ «ከውሃ ጋር በደስታ መኖር» ብሎ ማሳየት መከራውን ወደ ጌጥ መለወጥ ነው። ከዚያም በላይ አደገኛ ትምህርት ያስተምራል። ተመልካቹ ሕፃን የሚማረው ጎርፍ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ልቻል?» የሚለውን ብቻ እንደሆነ ነው። «ለምን መጣ? ማን ፈቀደ? ማን ይክፈል?» የሚሉት ጥያቄዎች ከፊልሙ ውጭ ናቸው።

ኔዘርላንድን የሚጠቅሱ ሰዎች ደግሞ ታሪኩን ከመሐሉ ይጀምሩታል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ ሰብሮ ገብቶ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡና መንግሥቱ ከዚያ በኋላ የሠሩት ፊልም ሳይሆን ግድብ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት። «ለወንዙ ቦታ እንስጠው» የተባለው ዕቅድ የመጣው ከዚያ ቆይቶ ነው። ከ30 በሚበልጡ ሥፍራዎች፣ ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈሶበት፣ የወንዝ ዳርቻዎች ተለቀቁ፣ የእርሻ ቤቶች ከፍ ብለው በተሠሩ ጉብታዎች ላይ ተዛወሩ፣ የሚነሳው ሰው ካሳ ተቀበለ። ከውሃ ጋር አብሮ መኖር የሚለው ፈገግታ የመጣው ከበጀቱ በኋላ ነው። እዚህ ሊመጣ ያለው ፈገግታ ግን በበጀቱ ፋንታ ነው።

«ተስፋ አትንፈጉን» ለሚሉ

ለዚህ ሁሉ መልስ አለ፤ መልሱም ቀላል አይደለም። የተስፋ ፊልም ደጋፊዎች የሚሉት ይህን ነው፦ ማስፈራራት ሰውን ያሽመደምዳል እንጂ አያስነሳም። ጎርፍ ያየ ሕፃን ደመና ባየ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ለእሱ ሌላ የጎርፍ ፊልም ማሳየት ጭካኔ ነው። ሰው የሚሠራው ነገ እንደሚኖር ሲያምን ነው።

ትክክል ነው። ማንም ሊክደው አይገባም። አሻንጉሊት ልጅን ማስተማር እንደሚችልም በዚህችው አገር ታይቷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን የቀረበችው የ«ጸሐይ መማር ትወዳለች» ቀጭኔ ስንቱን ልጅ ንጽሕናና ፊደል አስተምራለች። አሻንጉሊት ሲናገር ልጅ ከአባቱ ንግግር በላይ ያምናል። መሣሪያው ኃይለኛ ስለሆነ ነው ምን እንደሚናገር መጠየቅ የሚያስፈልገው። ጸሐይ ለልጆች «ከጀርም ጋር በደስታ ኑሩ» አላለችም፤ እጃችሁን ታጠቡ ነው ያለችው። ተስፋዋ የሚሠራ ነገር ነበረው።

የሚሠራ ነገር ያለው ተስፋ በጎርፍም ላይ አለ፤ በማስረጃ። በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. 1970 ባንግላዴሽን የመታው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገደለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞቱት 3,400 ገደማ ነበሩ። ያም ብዙ ነው፤ ግን ከመቶ እጅ ወደ አንድ እጅ ወርዷል። ባሕሩ አልራራም፤ ነፋሱም አልቀለለም። መሐል ላይ የማስጠንቀቂያ ሬዲዮ፣ በየመንደሩ በድምፅ ማጉያ የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞችና ከፍ ያሉ መጠለያዎች ገቡ። ድሃ አገር ናት የሠራችው። ተስፋ ማለት ይህ ነው።

ከባንግላዴሽም ሳይደረስ፣ የሐውድ ሰው የራሱ የተስፋ ሥራ አለው፤ ቢርካ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሐውድ ሜዳ የተስፋፋው ይህ የሲሚንቶ ጉድጓድ ሥራው አንድ ነው፤ መሬት ላይ የሚሮጠውን የዝናብ ውሃ በቦይ መርቶ አስገብቶ ለጂላል ማቆየት። ወንዝ በሌለበት፣ የከርሰ ምድር ውሃ እጅግ በራቀበት ሜዳ ላይ ሰውና ከብት ያኖረው እሱ ነው። ቢርካ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ብዙው የግል ነው፤ በድርቅ ጊዜ ውሃው በውድ ይሸጣል፤ ያለ ጥገና ሲቀር ይሰነጠቃል። ግን ሐሳቡ ከየትኛውም የሚንሳፈፍ ቤት ይበልጣል፤ ጎርፉን እንግዳ አድርጎ አይስቅለትም፣ ጠላት አድርጎም አይሸሸውም። ይዞ ያስረዋል።

መሠራት ያለበት ፊልም

ስለዚህ ፊልሙ አይሠራ ማለት ስህተት ነው። ይሠራ፤ ግን የጅግጅጋን ውሃ ያሳይ።

በሶማሊኛ ይናገር፤ አማርኛው ከሥር በጽሑፍ ይከተል። ሸክላውን የሚያድቦለቡሉት የጅግጅጋ፣ የቀብሪበያህና የሽንሌ ልጆች ይሁኑ። ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ካለ ካሜራ ያስተምር፤ ታሪኩን ግን ከልጆቹና ከአያቶቻቸው ይስማ። ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃ የሚያውቁ መምህራን ይጨመሩበት።

ፊልሙ ጎርፉን ለጥቂት ሰከንድ፣ ጥማቱን ለብዙ ደቂቃ ያሳይ፤ የአካባቢው ሰዓት እንዲህ ነውና። አህያዋ ጋሪ ስትጎትት ይታይ። በደመናው ማግስት ያለው ደረቅ ቧንቧም ይታይ።

ከሁሉ በላይ እጁ ይታይ። በስቶፕ ሞሽን ይህ ቀላል ነው፤ እጁን ከፎቶው ለማውጣት መድከም ይቅር ማለት ብቻ ነው። አንድ ትልቅ የሰው እጅ መጥቶ ቶጉ ውስጥ የሸክላ ቤት ያስቀምጥ። ሌላ እጅ ዲቹን በላስቲክ ይድፈን። ሌላ እጅ ከሩቅ ጭስ ይንፋ። ከዚያ ሰማያዊው ጨርቅ ከፍ ይበል። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ እንኳ ታሪኩን ትረዳለች፤ ትጠይቃለችም፤ «ያ እጅ የማን ነው?» ፊልሙ ይህን ጥያቄ ማስጠየቅ ከቻለ ሥራውን ጨርሷል።

ተስፋውም በእጅ ይምጣ። እጅ ዲቹን ይጥረግ። እጅ ቤቱን ከቶጉ አንስቶ ዳገት ላይ፣ ከነካሳው ያስቀምጥ። እጅ ከጣሪያው ወደ ታንከር ቱቦ ይቀጥል። ደጋ ላይ ያለች አንዲት ሴት ሰማዩ ሲጠቁር ስልክ ታንሳ፤ ቆላ ላይ ያለ ሰው ሰምቶ ልጆቹን ከአሸዋው ያውጣ። ውሃ ከደጋ እስከ ቆላ ለመውረድ ጊዜ ይወስድበታል፤ ስልክ ግን ሴኮንድ አይፈጅም። በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ዳር የተኙት ሰዎች ያጡት ያን ጥሪ ነው። ይህን ማሳየት ጀልባ ላይ ከመሳቅ ይልቅ ልጅን ያረጋጋል፤ ምክንያቱም ጎርፉ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ያውቃል።

የሚቀርቡ ሰነዶችም በዚህ ይመዘኑ። ለ«አይበገሬነት» ፊልም ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ከፊልሙ ጋር ስንት ሜትር ዲች፣ ስንት ቢርካ፣ ስንት የማስጠንቀቂያ ስልክ እንደሚሰጥ ይጠየቅ። ፊልሙን የሚያስመርቅ ባለሥልጣን ሪባኑን ከመቁረጡ በፊት በቶግ ውስጥ የተሰጡ ካርታዎች ስንት እንደሆኑ ለሕዝብ ይንገር። መልስ ከሌለ ፊልሙ የማን እጅ እንደሚደብቅ ታወቀ ማለት ነው።

በሲቲና በፋፈን ሰሜናዊ ክፍል ከሐምሌ እስከ መስከረም ከረን ይዘንባል። ደመናው ከየትኛውም ፕሮፖዛል ቀድሞ ይደርሳል። የሸክላው ውሃ ፎቶ እስኪነሳ ይጠብቃል፤ የከረን ውሃ አይጠብቅም።